ባትሪው አይደለም፦ የአንዲት ቮልስ ጉዳይ ከሐዋሳ

መምህር ጠዋት መኪናቸውን ያለ ምንም ችግር ያስነሳሉ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደው ዓሣ ይገዛሉ። ከሰው ጋር ትንሽ ይጨዋወታሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ መኪናዋ እምቢ ትላለች። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ከዚያ ፀጥ። የአካባቢው ልጆች ገፍተው ያስነሱላቸውና ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በማግስቱ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ይህ ነገር አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ ወርዶ ካርቦኑ ተቀየረ። ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞም ተፈታ፣ ታየ፣ ተመለሰ። የሠሩት ሰዎች ሁሉ በቅን ልብ ነው የሠሩት። ግን አንዳቸውም ቴስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አልያዙም። ጡረተኛ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያማል።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። መምህር ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሰፈሩም እኔም «መምህር» እንጂ በሌላ አንጠራቸውም። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን መኪናዋን እያስገፉ ደጃፌ አደረሷት።

«ልጄ፣ ሦስተኛ ባትሪ ይግዙ እያሉኝ ነው» አሉኝ።

«ይቆዩ መምህር፣ መጀመሪያ እንለካ» አልኳቸው።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው አንድ ነገር ስላሳየኝ ነው። መኪናዋ ላይ የተበላሸ ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባትሪው ደህና ነበር። ሞተሪኖውም ደህና ነበር። የተበላሹት ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። እኔ ጋ ከሚመጡት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ሰው ግን ዕቃ ይገዛል፤ መጋጠሚያ ሱቅ ውስጥ አይሸጥማ።

መኪናዋ

የ1971 ሞዴል ቮልስ ናት፣ ባለ 12 ቮልት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ፊውዞቿ ከፊት፣ ዳሽቦርዱ ሥር ናቸው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት፣ ወደ ማስነሻ ቁልፉ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሪኖው ይመለሳል። በየመንገዱ መጋጠሚያ አለ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ሰው የሚረሳው ደግሞ መመለሻውን መንገድ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ከረንት በኔጌቲቭ በኩል መመለስ አለበት። መመለሻው የመኪናዋ ብረት ነው፤ እኛ ማሳ የምንለው። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት በላስቲክ ድጋፎች ላይ ነው። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኝ አንድ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ አስሯል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። ሞተሪኖው የሚስበው ከረንት በሙሉ መመለስ ያለበት በዚያች አንዲት ገመድ ነው።

ሁለት ብረቶች ሲገናኙ ፊታቸው በሙሉ የተነካካ ይመስለናል። አይደለም። ለዓይን ለስላሳ የሚመስል ብረት በጣም ቀርበው ቢያዩት ተራራና ሸለቆ ነው። የሚነካኩት የተራሮቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። ከረንቱ የሚያልፈውም በእነዚያ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። እርጥበትና አየር በሸለቆዎቹ በኩል ይገባሉ። ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱ እየወፈረ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይበላቸዋል። ከውጭ ሲያዩት ብሎኑ ጠብቋል፣ ሽቦውም ቦታው ላይ ነው። ውስጥ ግን መንገዱ ጠቧል።

ሐዋሳ ላይ ይህን የሚያፋጥኑ ሦስት ነገሮች አያለሁ። አንደኛው እርጥበት ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ከሐይቁ እርጥበት ይነሳል። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ላይ ንጋት ላይ ጤዛ ይቀመጣል። መጠለያ ሥር የቆመ መኪና እንኳ ኮፈኑ ውስጥ ይረጥባል። ሐይቃችን እንደ ሻላ ጨውና ሶዳ የበዛበት ስላልሆነ እግዜር ይመስገን። ጨዋማው የባሕር አየር የሚያገኛቸው፣ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ላይ የማየው ጉዳት ከዚህ በጣም የባሰ ነው።

ሁለተኛው ኮብልስቶኑ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልል የሆነ መጋጠሚያ በፀጉር ስፋት ወዲያ ወዲህ ይፈጋፈጋል። በተፈጋፈገ ቁጥር አዲስ ብረት ይገለጣል፤ የተገለጠው እንደገና ይዝጋል። በመጨረሻ ጥቁር ዱቄት ይሆናል።

ሦስተኛው ላቫጆ ነው። «ሞተሩንም እጠብልኝ» ስንል ናፍጣና ሳሙና ይረጭና በፕሬዠር ውሃ ይመታል። መኪናው አብረቅርቆ ይወጣል። ውሃው ግን ሽቦዎቹ የሚሰኩባቸው ሶኬቶች ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳሙናውንም ይዞ። ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ብረት ይበላል። መምህር ንጽሕና ይወዳሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ነበር ሞተሩን የሚያሳጥቡት።

ልኬቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የምንፈትነው በአምፖል ነው። አምፖሉ ከበራ «ኤሌክትሪክ አለ» ብለን እናልፋለን። ችግሩ፣ ገመዱ ውስጥ ካሉት ብዙ ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር እንኳ አምፖሉ ይበራል። ሐምሌ 19 የገብርኤል ዕለት አስቡት። በአንዲት ጠባብ በር አንድ ሰው ያለ ችግር ይወጣል። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያች በር ሊወጣ ሲል ነው ጭንቁ የሚታየው። ሞተሪኖው ሕዝብ ነው። ሲዞር ወደ 200 አምፔር ከረንት ሊስብ ይችላል።

መምህር ደብተራቸውን አውጥተው ነበር። «የትኛውን ቀመር ነው የምንጠቀመው?» አሉኝ። እሳቸው ካስተማሩን ማባዛት ሌላ አላስፈለገንም። ኦም ለከረንት ያለው እንቢታ መለኪያ ነው። መጋጠሚያው ላይ አምስት ሺኛ (0.005) ኦም ብቻ ቢኖር፣ 200 አምፔር ሲያልፍበት አንድ ሙሉ ቮልት እዚያው ይቀራል። አምስት ሺኛ ኦምን ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ሊያየው አይችልም። ዜሮ ነው የሚለው። ስለዚህ ኦም አንለካም። ከረንቱ እያለፈ ሳለ የቀረውን ቮልት ነው የምንለካው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ግን ይፈልጋል። ማርሽ ዜሮ ላይ ይሆናል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ሞተሩ እንዳይነሳ፣ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠውን የኮይሉን ወፍራም ሽቦ ነቅለን ማሳ ላይ እናስራለን። ቴስተሩ ዲሲ 20 ቮልት ላይ ይደረጋል። አንዱን የቴስተር ጫፍ የመንገዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻው ላይ አድርጎ ቁልፉን ማዞር ነው። ጤነኛ መንገድ ላይ ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነገር ያሳያል። በማሳው በኩል እስከ 0.2 ቮልት ድረስ እታገሣለሁ። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው የፖዘቲቭ መንገድ በሙሉ ደግሞ እስከ 0.5።

መምህር ቁልፉን ያዞራሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ይጽፋሉ። ያገኘነው ይህ ነበር። ባትሪው ሳይሠራ 12.6 ቮልት፤ ማለትም ሙሉ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ራሶች ላይ 10.9። ሞተሪኖው ጋ የደረሰው ግን 8.6 ብቻ። 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የት? በፖዘቲቩ በኩል 0.6። ይህም ትንሽ በዝቷል። በማሳው በኩል ግን 1.7! ቁራጭ በቁራጭ ሄድንበት። ከባትሪው ራስ እስከ መያዣው 0.3። ልብ በሉ፣ ይህ ሁለት የተነካኩ ብረቶች መካከል ነው፤ ርቀቱ ዜሮ ነው። ከመያዣው እስከ ቦዲው 0.5። ከቦዲው እስከ ካምቢዮው፣ በዚያች የተጎነጎነች ገመድ በኩል፣ 0.9።

መምህር ደመሩት። «ልክ 1.7 መጣ» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ስምንተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ፊት የማውቀው ነው።

በዚህ መካከል ከኋላ ጎንበስ ብዬ የቤንዚን መስጫውን ኬብል ካርቡራተሩ ጋ ነካሁት። ሞቋል። ሞተሩ ገና አልተነሳም፤ ኬብሉ ግን ሞቋል። ትክክለኛው መንገድ ሲዘጋበት ከረንቱ ሌላ ፈልጎ ነበር። በቀጭኑ ኬብል በኩል ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ ቦዲው እየተመለሰ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የፍሪሲዮን (የክላች) ኬብል ቶሎ ቶሎ የሚበጠስብኝ?» አሉ መምህር። እርግጠኛ ሆኜ መመለስ አልቻልኩም። ግን ኬብል የተሠራው ሊጎትት እንጂ የሞተሪኖ ከረንት ሊሸከም አይደለም።

ሥራው

የኋላውን ወንበር አነሳን። የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ነጭና ሰማያዊ ዱቄት ተቆልሏል። ነጩ እርሳሱ ከአሲዱ ጋር የፈጠረው ነው። ሰማያዊ አረንጓዴው ከመዳቡ የመጣ ነው። ባትሪው ውሃ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ስለነበር ቻርጅ ሲደረግ በክዳኑ በኩል አሲድ እየረጨ ነበር። የባትሪ ውሃ የውስጡን ሳህኖች ትንሽ አለፍ ብሎ ከሸፈነ ይበቃል፤ እስከ አፉ አይሞላም።

መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ፖዘቲቩን ቀድመው እየፈቱ የብሎን መፍቻው ቦዲውን ከነካ እሳት ነው የሚያነሳው። ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ቮልስ ላይ ሌላም አደጋ አለ። የወንበሩ ሽቦ ጠመዝማዛዎች ልክ ከባትሪው በላይ ናቸው። ከኋላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ሽቦው ወርዶ ሁለቱን ራሶች ሊነካ ይችላል። በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። የመምህር መኪና ላይ የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ ዘመን የለውም። መጨረሻ ላይ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠን አለበስነው።

ብዙ ሰው የባትሪ ራስ ላይ የፈላ ውሃ ወይም ኮካ ያፈስሳል። ዱቄቱ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ግን አሲዱ አልሞተም፤ ታጥቦ ወደ ታች ነው የወረደው። ቮልስ ላይ ታች ያለው የመኪናዋ ወለል ነው። የመምህር መኪና ወለል ባትሪው ሥር እንደ ብስኩት ሊፈረፈር ደርሷል። ኮካ ደግሞ ራሱ አሲድ ነው፣ ስኳርም ጨምሮ።

እኛ ከመምህር ባለቤት፣ ከእትዬ፣ ወጥ ቤት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ወስደን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጠበጥን። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሶዳው ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስንቀባው ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ። አረፋው ሲቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። ክዳኖቹ በደንብ መዘጋት አለባቸው፤ ሶዳው ባትሪው ውስጥ ከገባ ባትሪውን ይጎዳል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጠብን፣ በጨርቅ አደረቅን። ራሱንና የመያዣውን ውስጥ ብርሃን እስኪያወጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግን። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው።

አሁን አንድ ክርክር አለ፤ ግራሶ መቼ? አንዳንዱ ሰው ግራሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ በደንብ ለቅልቆ ያስራል። ግራሶም ቫዝሊንም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ሥራቸው አየርና እርጥበት መከልከል ነው። ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ማጽዳት፣ ማጥበቅ፣ ከዚያ መቀባት። ብረት ከብረት ጋር ጨክኖ ከተያዘ በኋላ በላዩ ላይ ቫዝሊን ይለበሳል። እትዬ ያው ቫዝሊናቸውንም ሰጡን።

ወደ ገመዷ መጣን። መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ማቆሚያ አድርገን ገባሁ። ገመዷ በቦታዋ አለች። ብሎኗም ጠብቋል። ግን የሆነ ዘመን መኪናዋ ስትቀባ ገመዷን ሳይፈቱ ነው የቀቧት። በቀለሙ ሥር መዳቡ ጠቁሯል። ስታጠፋት ክሮቿ እንደ ደረቅ ሣር ይሰባበራሉ። ይህችኛዋ አትድንም። በአዲስ ወፍራም ገመድ ቀየርናት። ብሎኑ የሚያርፍበትን የቦዲ ክፍል ቀለሙን ፍቄ ነጭ ብረት አወጣሁ፤ አሰርኩ፤ ከላይ ግራሶ አለበስኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጎደልኩ፤ እመለስበታለሁ።

እንደገና ለካን። ማሳው 0.2፣ ፖዘቲቩ 0.3። ሞተሪኖው ጋ 10.0 ቮልት ደረሰ። አዟዟሩ ተለወጠ፤ ድምፁ ራሱ ይናገራል። መምህር ግን ደብተሩን እያዩ ቅር አላቸው። «ባትሪው ቅድም 10.9 ነበር፣ አሁን 10.5 ሆነ። አደከምነው እንዴ?»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱ ተቃራኒው ነው። ቅድም መንገዱ ጠባብ ስለነበር ሞተሪኖው የሚፈልገውን ያህል መሳብ አልቻለም። አሁን ሳበ። ብዙ ሲሳብበት ባትሪው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው፣ መኪናዋ ስትታመም ጤነኛ፣ ስትድን ታማሚ ትመስለዋለች። ሁለት ባትሪ በከንቱ የተገዛው ልክ እዚህ ላይ ነው።

ሲሞቅ ለምን?

ቀዝቃዛው አነሳስ ተስተካከለ። የአሞራ ገደሉ ችግር ግን ገና ነበር። መኪናዋን ከተማው መውጫ ላይ እስካለው ጥቁር ውሃ ነድተን ተመለስን። አጠፋናት፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ቁልፉን ሲያዞሩ ሁለት ጊዜ «ቀጭ»፣ በሦስተኛው ተነሳች። ተሻሽላለች፤ ግን አልዳነችም።

ቮልስ ሲቆም አየር የሚያነፍስለት ማራገቢያም ይቆማል። የሞተሩ ሙቀት አጠገቡ ወዳለው ሞተሪኖ ይገባል። መዳብ ሲሞቅ ለከረንት ያለው እንቢታ ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 20 በመቶ ያህል። ሞተሪኖው ላይ ያለችው ማግኔት፣ ያቺ «ቀጭ» የምትለው፣ ስትሞቅ አቅም ታጣለች። ትእዛዝ የምትቀበለው ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ከፊት ዞሮ በሚመጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው ጫፍ ላይ ስንለካ 8.2 ቮልት ነበር።

ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። ከኋላ ወንበር ሥር በግራ በኩል አንድ ሰው ሽቦ ቀጥሎ፣ በጣት ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ፕላስተሩን ስገልጠው የሙጫ ዝቃጭ ሆኗል። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሽቦውን ቆረጥኩ፤ ውስጡ ጥቁር። ትንሽ ወደ ኋላ ቆረጥኩ፤ አሁንም ጥቁር። የሚያበራ መዳብ ያገኘሁት አንድ ስንዝር ያህል ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ቀጫጭን ክሮች እርጥበትን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ውስጥ ይስባሉ። ጥቁር መዳብ ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚበይደውን ብረት) አይቀበልም። በላዩ ላይ ቢበይዱት ይንከባለላል እንጂ አይያዝም። እስከ ንጹሑ መቁረጥ ግድ ነው።

በአዲስ ሽቦ ቀጥለን፣ በይደን፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለበስነው። ቁጥሩ ወደ 9.3 ወጣ። የቀረው ማስነሻ ቁልፉ ውስጥ ነው። ቁልፉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የማግኔቷን ከረንት በሙሉ በራሱ ሲያሳልፍ ኖሯል። ስለዚህ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት እየታዘዘ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ጨመርን። አሁን ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ነው የሚያዘው። ማግኔቷ የምትበላው ከሞተሪኖው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ነው፤ መሐል ላይ ፊውዝ አለ። 9.9 ደረሰ። ሪሌውን እግሮቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርገን ደረቅ ቦታ ሰቀልነው። ውሃ ቢደርሰው እንኳ ይንጠባጠባል እንጂ አይቋጠርም።

ሌላም ልናገር። ሪሌ ውስጥና ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ የሲሊኮን ግራሶ አታድርጉ። እዚያ ብልጭታ አለ። ብልጭታ ሲሊኮንን ሲያቃጥለው የአሸዋ ዓይነት የማያስተላልፍ ልባስ ይሆናል። ለሚሰካና ለሚነቀል ሶኬት ግን የሲሊኮን ግራሶ በጣም ጥሩ ነው።

መብራቶቹ

መምህር ማታ መንዳት ትተው ነበር፤ «ዓይኔ ደከመ» ይላሉ። የፊት መብራቱ አምፖል ላይ ስንለካ 10.9 ነበር፤ በዚያው ሰዓት ባትሪው 12.5። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወድቀው። ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። የእሳቸው ደግሞ 13 በመቶ ነበር የጎደለው።

ጥፋተኛው ፊውዙ ነው። የቮልስ ፊውዝ በሁለት ቀጭን የብረት መዳፎች መሐል የሚያዝ የሸክላ ዘንግ ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር። አልተቃጠለም፤ ጫፎቹ ግን ግራጫ ልባስ ይዘዋል። በጣት ሳሽከረክረው መብራቱ ደመቀ! መዳፎቹን በተማሪ ላጲስ ጠረግናቸው። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ አልወድም፤ ስሱን የላይ ልባስ ይዞት ይሄዳል። ላልተው የነበሩትን ወደ ውስጥ ጫን አልናቸው። ፊውዞቹን መዳብ ባላቸው ቀየርን። ቡኒውን ሽቦ፣ ማለትም የመብራቱን ማሳ፣ ፈትተን አጽድተን አሰርን። 12.0 ሆነ። በዚያ ምሽት መምህር እስከ ታቦር ተራራ ሥር ነድተው ተመልሰው፣ ዓይናቸው እንዳልደከመ ነገሩኝ።

የቀኝ የኋላ መብራት ሌላ ነገር አሳየን። ውሃ እንዳይገባበት አንድ ሰው በሲሊኮን አሽጎታል። የእንክብካቤ ሥራ ነው። ግን ያኛው ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት ነበር። ያ ሽታ አሲድ ነው። ዙሪያው ታሽጎ፣ አሲዱ ውስጥ ቀርቶ፣ የአምፖሉን መያዣ አረንጓዴ አድርጎታል። ለኤሌክትሪክ የማይሸተውን ዓይነት ነው መምረጥ።

የተመለሰው ቁጥር

መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ መምህር ደብተራቸውን ይዘው መጡ። በመሐል አንድም ቀን አልተገፋችም። ቢሆንም ሁሉንም ነጥብ እንደገና ለካን። ሌላው እንዳለ ነው። ከቦዲው እስከ ካምቢዮው ያለው ግን ከ0.1 ወደ 0.4 ወጥቷል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ገመዷን ሳስር ጥርስ ያለው ሮንዴላ (ብሎን ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት) አላስገባሁም። ለስላሳውን ነው ያስገባሁት። ኮብልስቶኑ ቀስ እያለ አላላት። የላላው በኩል እርጥበት ገባ። ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ጥርሳም ሮንዴላ አስገብቼ አጠበቅሁ። ጥርሱ ብረቱን ነክሶ ይይዛል፤ የሚነካኩበትንም ነጥብ ያበዛል። ቁጥሩ ወደ 0.1 ተመለሰ። መኪናዋ ምንም ምልክት ሳታሳይ ነው ያገኘነው። ደብተሩ ባይኖር ምናልባት የሚቀጥለው ክረምት ላይ እንደገና «ቀጭ» እንሰማ ነበር።

አሁን መምህር የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይበረታ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሲያባራ ይለካሉ። ቴስተር ገዝተዋል። በወር አንድ ጊዜ ፊውዞቹን በጣታቸው ያሽከረክራሉ። ላቫጆ ሲሄዱ ሞተሩ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል፤ ልጆቹ ገርሟቸው ነበር፣ አሁን ለምደዋል። መኪናዋ ብትቆምም በሳምንት አንዴ ይነዷታል። ሞተሩ ሲሞቅ እርጥበቱን ያደርቀዋል፤ ባትሪውም ቻርጅ ያገኛል።

በጠቅላላው የገዛነው አንድ ገመድ፣ አንድ ሪሌ፣ ፊውዞችና ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ባትሪ ዋጋ ሩብ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ባትሪ እስካሁን እየሠራ ነው። የመጀመሪያውን፣ «ሞቷል» ተብሎ ጓዳ የተጣለውን፣ ቻርጅ አድርገን ፈተንነው፤ ደህና ነው። እትዬ መብራት ሲጠፋ ይጠቀሙበታል።

የቀረን ማስነሻ ቁልፉ ነው። ውስጡ አርጅቷል፤ ሪሌው ሸክሙን ስላቀለለት ነው የያዘው። ለዚህ ሞዴል የሚሆን አዲስ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ እንዲፈልግልን ለአንድ ወዳጄ ነግሬዋለሁ። እስኪገኝ መምህር ደብተሩ ላይ ለእሱ አንድ ባዶ መስመር ትተዋል።